ወደ ምሥራቅ የዞረው ዲሽ

የሻረግ አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን ቁልፍ በቀኝ እጇ ጨብጣ ከዲሹ ጀርባ ቆማለች። ረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ የኮኪት ፀሐይ ግን ኅዳር ነው ብሎ አይራራም፣ ከወዲሁ አናት ይበሳል። የዲሹ የሽቦ ጥላ ፊቷንና ነጠላዋን ዥንጉርጉር አድርጎታል። ቁልፉን ብሎኑ ላይ ካሳረፈች ቆይታለች፤ ለማዞር ግን እጇ እምቢ ብሏታል። በግቢው ማንም የለም። አልጋ ይዘው ያደሩት ነጋዴዎች በጧት ወደ መተማ ዮሐንስ ወርደዋል፤ ጎረቤቷ አየሁሽ ማድ ቤት ሽንኩርት ትልጣለች። ይህን ሁሉ ሁለት ጊዜ ዞራ አረጋግጣለች። በገዛ ግቢዋ እንደ ሌባ መጠንቀቋ ራሷንም ያናድዳታል።

ኮኪት ውስጥ የዲሽ እጥረት የለም። ሻይ ቤቱም፣ ጠላ ቤቱም፣ የሰሊጥ ደላሎቹም አላቸው፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ሱዳን፣ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ አዙሮ የዓረብ ፊልምና የአውሮፓ ኳስ ያመጣል። የየሻረግ ግቢ ዲሽ ብቻ ጀርባውን ለሱዳን ሰጥቶ ወደ ምሥራቅ ያያል። ወርዱ የሌሎቹን ሦስት እጥፍ ነው፤ ጣራ ስለማይችለው መሬት ላይ በወፍራም የብረት ቋሚ ተተክሎ የግቢውን እኩሌታ ይዟል። ሲተከል ያየ ሁሉ ስቋል። «የሻረግ ዲሿን ጸሎት አስጀመረችው» እየተባለ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠላ ቤት ተወርቷል።

ያስተከለው ቱዋን ነው። ቱዋን ቬትናማዊ ነው፤ አቶ አበባው የሚባሉ የጎንደር ባለሀብት ለሰሊጥ መጋዘናቸው ያስመጡትን ማበጠሪያ ማሽን ሊተክልና ሊያሠራ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የከተማው ሰው «ቻይናው» ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን እየቆመ ያርም ነበር፤ በኋላ ሰለቸውና ተወው። የሻረግ ግን አንድም ቀን ቻይና ብላው አታውቅም። ከአልጋ ቤቷ ስድስት ክፍሎች የመጨረሻዋን ተከራይቶ ገባ፤ ዓመት ሳይሞላ ያቺ ክፍል ባዶዋን ማደር ጀመረች። ጎረቤት ያውቃል፣ ንስሐ አባቷም ያውቃሉ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ገሥጸዋት ዝም ብለዋል። ቆላ ነውና ብዙ ነገር ሳይጠየቅ ያልፋል።

ዲሹን ለመትከል ደረበ የሚባል ባለሙያ ከመተማ ዮሐንስ መጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ላብ በላብ ሆኗል። እዚህ አገር ዲሽ የሚስተካከለው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ውጭ ሆኖ ያዞራል፤ ሌላው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ «መጣ»፣ «ሄደ»፣ «ትንሽ መልሰው» እያለ ይጮኻል። ሪሲቨሩ ቶሎ አይዝምና በእያንዳንዱ ጣት ርምጃ ላይ ቆም ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። ያኔ ቤት ውስጥ ሆና የምትጮኸው የሻረግ ነበረች። በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ አንዲት ረጅም የሐር ቀሚስ የለበሰች ሴት ብቅ አለችና በማይታወቅ ቋንቋ መናገር ጀመረች። ቱዋን ከውጭ ሮጦ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ፤ እንባው ያለ ድምፅ ወረደ። የሻረግ ደስ አላት። ደስታዋን አልችል ብላ ዶሮ አረደች። አሁን ያቺን ዶሮ ባሰበች ቁጥር ንድድ ይላታል።

ጣቢያው የማን እንደሆነ የነገራት ደረበ ነው። የቬትናም መንግሥት አገር ለቀው በዓለም ለተበተኑ ዜጎቹ ብሎ የከፈተው ነው አላት። ይህን ስትሰማ መጀመሪያ አላመነችም። መንግሥት ለሄደ ሰው ቴሌቪዥን ይከፍታል? በዚህ በኛ መንገድ በየሳምንቱ ስንቱ በእግሩ ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ ስሙን የሚመዘግብ እንኳ የለም። የሷው ባል መለሰ ለአንድ ሳምንት ብሎ ገዳሪፍ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንዲት ሴት ይዞ ታየ ሲሏት ደብዳቤ ጻፈችለት፤ «የአክስቴ ልጅ ናት» ብሎ መለሰላት፣ ከዚያ ወዲህ ወሬውም የለም። መለሰን ማንም ቴሌቪዥን ና ብሎ አልጠራውም። ይህን ስታስብ ነው ነገሩ የገባት። መንግሥት በከንቱ ደክሞ እስከ ኮኪት ድረስ ሥዕል አይልክም፤ ሰዉን ሊያስመልስ ነው። ዲሹ ግቢዋ ውስጥ የተተከለ መጥሪያ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ታየው ጀመር።

መጀመሪያ የቀናችው በዚያች የሐር ቀሚስ በለበሰችው ጋዜጠኛ ነበር። ቱዋን ከመጋዘን ሲመጣ እንደ ዱቄት ፈጪ አቧራ ለብሶ ነው፤ በየሻረግ ፊት እንዲያው ተለቃልቆ በካናቴራ ይቀመጣል። ያቺ ሴት የምትመጣበት ሰዓት ሲደርስ ግን ሰውነቱን ይታጠባል፣ ጸጉሩን ያበጥራል፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ለቴሌቪዥን ማን ሸሚዝ ይቀይራል? አንድ ቀን ይህንኑ ጠየቀችው። ሲፈልግ ሲፈልግ ቆይቶ «ቤት እንደ መግባት ነው» አላት። መልሱ ባሰባት። እና ይኼስ ምኑ ነው? የሷ ቤት ቤት አይደለም?

ከሁሉም ያለፈው ዓርብ ያደረገውን መርሳት አልቻለችም። ዓርብ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ዝግጅት አለ። ጋዜጠኛዋ የአንዱን ሰው ቤተሰብ ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች፤ ቤተሰቡ ካሜራውን እያየ ባሕር ማዶ ላለው ዘመዱ ይናገራል። ቋንቋውን ባታውቅም ይህን ለመረዳት አልቸገራትም፤ በዓል ሲመጣ በኛም ቴሌቪዥን ሰው ተሰልፎ ውጭ ላሉት «እንኳን አደረሳችሁ» ሲል አይታለች። ባለፈው ዓርብ መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው ሳምንት ባለ ተራ ለቅጽበት ታየች። ወጣት ናት፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ጣቷን ወደ ካሜራው ቀስራ ትስቃለች። ቱዋን ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነስቶ መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ልጅቷ ከጠፋች በኋላም አላነሳውም። ከዚያ ወደ የሻረግ ዞረና «እህቴ» አላት።

እህቴ። ወንድ ሲጨንቀው ስንት እህት ይወልዳል።

አየሁሽም አላገዘቻትም። አየሁሽ አብራት የምታበስል ጎረቤቷ ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ነገር ግን ወሬ እጇ ላይ አያድርም። ይህን ስትነግራት ሽንኩርቷን ጣል አድርጋ ሳቀች። «መለሰስ የአክስቴ ልጅ ብሎሽ አይዶለም? ይኸኛው ደግሞ ቀረብ አድርጓታል» አለቻት። የሻረግ አብራት ሳቀች። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ይህ ሁሉ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ የነገው ጉዳይ ባይኖር። የቱዋን ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል። አቶ አበባው አምስት ዓመት ይቆይልኝ ብለው ጠይቀውታል፤ መልሱን ቅዳሜ እሰጣለሁ ብሏል። ቅዳሜ ደግሞ ነገ ነው። ከቆየ ከግቢው ጀርባ የጀመሩትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይጨርሳሉ፤ ካህኑም ይጠራሉ፣ ቱዋንም ተጠምቆ አንገቱ ላይ ማተብ ለማሰር እሺ ብሏል። ካልቆየ የሻረግ በአርባ ዓመቷ ለሁለተኛ ጊዜ ድንበር ድንበር የምታይ ሴት ትሆናለች። ለምን ቅዳሜ፣ ለምን ዛሬ አይሆንም ብላ ስትጠይቀው «ዓርቡን ካየሁ በኋላ» ነበር ያላት። ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ያቺ ሴት ትጠራዋለች፤ እሱም ይሄዳል።

ቁልፉን አዞረችው። ብሎኑ መጀመሪያ ጮኸ፤ ከዚያ እየላላ መጣ። የዲሹን አንገት ከቋሚው ጋር የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። ሁለቱንም ፈታች፤ ዳዶዎቹ መዳፏ ላይ ሞቀው ግራሶ ቀቧት። ዲሹን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ደቡብ አራት ጣት ያህል ገፋችው። ያን ያህል ይበቃል፤ ደረበ አንድ ጣት ከሳተ እንኳ አገሩ ይጠፋል ሲል ሰምታለች። ነፋስ እንዳይመልሰው ጠፍጣፋ ድንጋይ ወሸቀችበት። ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለቻቸው። ሲወድቁ ድምፃቸውን ለመስማት ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች፤ አልተሰማም። ግራሶው ግን በሳሙናም አልለቅ አላት።

ስድስት ሰዓት ላይ ምሳውን ይዛ ወደ መጋዘን ሄደች። የፎገራ ሩዝና የተጠበሰ አሳ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲያደርስለት ፈቅዳ አታውቅም። መንገዱ በሰሊጥ ጫኝ መኪና ተጨናንቋል። የወቅት ሠራተኞቹ ጆንያ ተሸክመው ይመላለሳሉ፤ አንዱ በጎጃምኛ ዜማ ያንጎራጉራል፣ ሌላው በወሎኛ ይሰድበዋል። ከመጋዘኑ ደጅ፣ ከራኩባው ዳስ ጥላ ሥር አቶ አበባው ተቀምጠው የከርከዴ ሻይ ይጠጣሉ። ጠሯትና ስለ ነገ ጠየቋት። እሷም የምታውቀው እንደሌለ ነገረቻቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ የሰውን ፊት ማንበብ ያውቃሉ። «ይህን ሰው እዚህ የሚያቆመው የኔ ደሞዝ አይደለም፤ አንቺ ነሽ። የሆነ ነገር ካለ ቶሎ አስተካክይው» አሏት። የሻረግ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

ቱዋን ማሽኑን አስቁሞ ወጣ። አፍና አፍንጫውን የሸፈነበትን ጨርቅ ሲያወርድ ከዓይኑ በታች ያለው ፊቱ ብቻ ንጹሕ ነበር። ሳህኑን ተቀበላት፤ ግን አልከፈተውም። ሊነግራት የፈለገው ነገር እንዳለ ያስታውቃል፤ አማርኛው በቸገረው ቁጥር እንደሚያደርገው በአውራ ጣቱ ሸሚዙን ይጎነጉናል።

«ዛሬ አሥር ሰዓት አንቺም ግቢ» አላት። «እኔ ጋ ቁጭ በይ። ጥሩ ቀሚስ ልበሽ። እናቴ ትመጣለች።»

እሱ ቀጠለ፤ እናቱ ጆሮዋ አይሰማም፣ ስልክ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ አላወራትም፣ ዛሬ በቴሌቪዥን ትናገራለች። ይህን ሁሉ በእጁም በአፉም ነገራት። ባለፈው እህት፣ ዛሬ እናት። ነገ ደግሞ አያቱን ሊያመጣ ነው አለች በልቧ። አንዲትን ሴት ለመሸፈን ሙሉ ቤተ ዘመድ እየጠራ ነው። ደግሞ ቀሚስ ልበሽ ይለኛል፤ ከዚያች ጋር አሰልፎኝ ሊመርጥ? እሺ አለችው፤ እሺታዋ ለራሷ ጆሮ እንኳ ቀዘቀዘ። እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ በዓይኑ ሲከተላት ይሰማት ነበር፤ አልዞረችም።

ቤት ስትደርስ ግን ሣጥኗን ከፍታ አዲሱን ቀሚሷን አወጣች። ለምን እንዳወጣችው አታውቅም። ለበሰችው፤ አወለቀችው፤ እንደገና ለበሰችው። አየሁሽ ከማድ ቤት ብቅ ብላ አይታት ሳትቀልድባት ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች፤ ይህም ለአየሁሽ አዲስ ነገር ነው።

ቱዋን ዘጠኝ ተኩል ላይ መጣ። ታጠበ፣ አበጠረ፣ ነጩን ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆለፈ። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርጎ ለሷ የተሻለውን መረጠ። ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ሰማያዊ ሆነ፤ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሪሲቨሩን አጥፍቶ አበራ። ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ወደ ውጭ ወጣ። የሻረግ በመስኮት ተመለከተችው። ከዲሹ ጀርባ ቆሞ ብሎኖቹ የነበሩበትን ቀዳዳ በጣቱ ዳሰሰ። ጎንበስ ብሎ መሬቱን ፈለገ። የተወሸቀውን ድንጋይ አንስቶ ለጥቂት ጊዜ እጁ ላይ አገላበጠው፤ ከዚያ አስቀመጠው። ሁለት ዳዶ በነፋስ እንደማይፈታ ከሱ በላይ የሚያውቅ በኮኪት የለም።

«የሻረግ» አለ ከውጭ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አንቺ እይ። እኔ በእጄ እይዛለሁ። ሲመጣ ንገሪኝ።»

መጋዘን ሄዶ ዳዶ ለማምጣት ጊዜ የለም፤ አሥር ሰዓት ሞልቷል። የሻረግ ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከች። ከሁሉ አስቀድማ ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችው፤ ጆሮ ካልተደገነ እንዳይሰማ አድርጋ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በአፏ ላይ ነው።

«መጣ?»

«የለም።»

ጥቂት ገፋው፤ ጠበቀ። «መጣ?»

«የለም።» ይኸኛውም እውነት ነበር። ሦስተኛውም። በአራተኛው ላይ ሰማያዊው ተንቀጠቀጠ፤ ሥዕሉ በካሬ በካሬ ተሰባብሮ መጣ፤ ተያያዘ፤ ጠራ። አንድ የእንጨት ቤት፣ ከደጁ የቆመ ቡናማ ውኃ፣ ታንኳ። አግዳሚ ላይ የተቀመጠች ጸጉሯ ድብን ብሎ የነጣ አሮጊት። ከጎኗ ያቺ ጣቷን የቀሰረችው ልጅ፣ ክንዷን አሮጊቷ ትከሻ ላይ ጥላ። የሁለቱም ግንባር ሰፊ ነው፤ የሁለቱም ቅንድብ መሐል ላይ ሊገናኝ ደርሶ ይቀራል። ይህን ግንባርና ይህን ቅንድብ የሻረግ በጨለማም በጣቷ ታውቀዋለች። እህቱ ናት። በእርግጥም እህቱ ናት።

«መጣ?»

«ገና ነው። ቆይ፣ እንዳትነካው» አለች። ድምፏ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ ራሷም ተገረመች።

ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኑን አቀረበች። አሮጊቷ ጆሮ የማይሰማው ሰው እንደሚናገረው እየጮኸች ትናገር ጀመር፤ ድምፁ ዝቅ ቢልም የሻረግ ጆሮዋን ቴሌቪዥኑ ላይ ደግና ትሰማለች። ውኃ እንደሚፈስ ያለ የማይቆራረጥ ንግግር ነው። ከመካከሉ «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል ወጣ። የሻረግ ቀና አለች። አሮጊቷ ንግግሯን አቆመች፤ ወደ ልጇ ዞረች፤ ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ደጋግማ ነገረቻት። አሮጊቷም ፊቷን ወደ ካሜራው መልሳ፣ በቃሉ ያጠናውን እንዳይረሳ እንደሚፈራ ተማሪ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው አስቀመጠችው።

«የ… ሻ… ረግ።»

ደገመችው። ከዚያ ዓይኗን ሳትሰብር ብዙ ተናገረች። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። አንድ ቀጭን ጣቷን አንስታ ሁለት ጊዜ አየሩን መታች። አምጣት የምትል እናት እንዲህ ልታደርግ ትችላለች። ተዋት የምትል እናትም እንዲሁ።

«የሻረግ? መጣ?»

«የለም» አለች።

ቱዋን ገፋው። ሥዕሉ ተሰባበረ፤ ሰማያዊው ተመለሰ።

የሻረግ እንደተንበረከከች ቀረች። ስሟን። እዚያ ማዶ፣ ከውኃው ዳር፣ በመንግሥት ቴሌቪዥን፣ አገር እየሰማ። እሱ ነው የነገራቸው፤ ለእህቱ በስልክ ነግሯታል፣ እህቱም እናቷን አስጠንታታለች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ለቅጽበትም ደስ ብሏት ነበር። ቅናቱ ግን አልለቀቃትም፤ ዞሮ አሮጊቷ ላይ አረፈ። ያቺ ሴት ስለሷ የመጨረሻውን ቃል ተናግራለች፤ እሷ ግን ምን እንደተባለች አታውቅም። በኮኪት ሊነግራት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ውጭ ቆሞ በሷ ውሸት ዲሹን ወደማይሆን አቅጣጫ ይገፋል። ዝም ብትል ነገ እናቱን ሳይሰማ መልሱን ይሰጣል። ምናልባት ይቆያል። ቢቆይ ደግሞ አጠገቡ በተኛች ቁጥር ያቺ ጣት አየሩን ስትመታ ልታያት ነው፤ ምን ብላ ይሆን እያለች፣ እሱን ሳትጠይቀው፣ መጠየቅም ሳትችል።

ከውጭ ሦስት ጊዜ ጠራት። ተነስታ ወጣች።

ዲሹ ከትክክለኛው ቦታ ስምንት ጣት ያህል ርቋል። ቱዋን ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ክንዱን ዘርግቶ እንደያዘው ነው። «ልቀቀው» አለችው። ሳይገባው ለቀቀላት። ጠርዙን በሁለት እጇ ያዘች፤ ወደ ምሥራቅ መለሰችው፤ አንድም ጊዜ ሳትጠይቅ፣ ቤት ውስጥ የሚያይ ሰው ሳይኖር፣ ልክ እቦታው ላይ አቆመችው። ጧት ከየት እንዳነሳችው ታውቃለችና ፍለጋ አልፈለገችም። ከዚያ በላይ መናዘዝ አያስፈልግም ነበር።

«ግባ» አለችው። «እናትህ ናት።»

ቱዋን አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ከብሎን ቀዳዳው ወደ እጆቿ ሄደ፤ ከጥፍሮቿ ሥር ግራሶው እስካሁን ጥቁር ነው። ፊቷን ለማየት ቀና አለ። የሻረግ የሚላትን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጀች፤ ቢመታትም ዲሹን እንዳትለቅ ክንዷን አጠበቀች።

«ያዥው» አላት። «እንዳትነቃነቂ።» ሮጦ ገባ።

ወዲያው ድምፁ ጨመረ፤ የአሮጊቷ ጩኸት በመስኮቱ ወጥቶ ግቢውን ሞላው። አየሁሽ ቢላዋዋን እንደያዘች ማድ ቤት በር ላይ ቆማ ትመለከታለች፤ አልሳቀችም። ከሱዳን በኩል የማታው ነፋስ ተነስቷል። የዲሹን ጀርባ ሲገፋው የሻረግ ትከሻዋን ደግፋ ትመልሰዋለች፤ አዲሱ ቀሚሷ ሽቦው ላይ ተይዞ ቀሰስ ብሎ ተቀደደ። እዚህ ሆና መስኮቱ አይታያትም። ብትለቀው በሁለት ርምጃ ደርሳ የቱዋንን ፊት ታያለች፤ ፊቱን ካየች ደግሞ ሁሉንም ታውቃለች። ግን አንድ ጣት ከሳተ አገሩ ይጠፋል።

ስሟ እንደገና ተጠራ። እንደ ቅድሙ እየተንጠባጠበ አይደለም፤ አሮጊቷ ለምዳዋለች። ቱዋን በቋንቋው አንድ ነገር አለ፤ ይመልስላት እንደሆነ፣ ይለምናት እንደሆነ አይለይም። የሻረግ ክንዷ ደንዝዟል።

«ምን አለች?» ብላ ጮኸች።

ነፋሱ ገፋ፤ መልሳ ገፋችው።

«ቱዋን፣ ምን አለች?»

አሮጊቷ ገና አልጨረሰችም።